የክረምት ማታ የሞተር ፊልም፦ ምን እንደምታዩና ከማን ጋር እንደምታዩ

ሐምሌ ሲገባ ጋራዤ ጸጥ ይላል። የምሠራው አዘዞ መንገድ ዳር ነው። ሞተር እጠግናለሁ። በበጋ ከቆላ ድባ፣ ከማክሰኚት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ሳይቀር ሞተር ይመጣልኛል። በክረምት ግን የገጠሩ መንገድ ጭቃ ይሆንና ብዙ ሰው ሞተሩን ቤቱ ያቆመዋል። እኔም በጊዜ እዘጋለሁ። ማታ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ይመጣል፣ ሦስት ሆነን ፊልም እናያለን።

ደንበኞቼ "እስቲ ጥሩ የሞተር ፊልም ጠቁመን" ሲሉኝ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስናገር ከርሜያለሁ። አሁን አንድ ላይ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የምመርጥበትን መለኪያ ልንገራችሁ። ሞተር የታየበት ፊልም ሁሉ የሞተር ፊልም አይደለም። በብዙዎቹ ሞተሩ ጌጥ ነው። ያበራል፣ ይጮኻል፣ ቤንዚን አይጨርስም፣ ካንዴላው አይቃጠልም። እኔ የምፈልገው ሞተሩ የሚቆምበትን፣ ሰውዬውም ተንበርክኮ የሚያስነሳበትን ፊልም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እጅ እጃቸውን እዩ። በግራሶ የጠቆረ እጅ ካያችሁ ፊልሙን አትዝጉት።

በዚህ መለኪያ አንደኛው "ዘ ወርልድስ ፋስተስት ኢንዲያን" ነው። የ2005 ፊልም ነው፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው አንቶኒ ሆፕኪንስ ነው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። በርት ሙንሮ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው በ1920 አንድ ኢንዲያን ስካውት ሞተር ገዛ። ሞተሩ አዲስ እያለ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ሰውዬው ግን ከ40 ዓመት በላይ በገዛ እጁ ሲያሻሽለው ኖረ። ሲወጣ 600 ሲሲ የነበረውን ወደ 950 አሳደገው። በ1967 አሜሪካ ዩታ ውስጥ ቦንቪል በሚባለው የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 295 ኪሎ ሜትር ገደማ አስሮጠው። ያኔ 68 ዓመቱ ነበር። ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ ክብረ ወሰን ሆነ። ፊልሙ የብዙ ዓመታት ጉዞዎቹን ወደ አንድ ጉዞ ጨምቆታል፤ ያንን ብቻ አውቃችሁ እዩት።

ፒስተኑን ራሱ አቅልጦ የሚያፈስስበት ቦታ አለ። ልጁ እዚያ ላይ "ጋሼ፣ መልሱልኝ" ብሎ አራት ጊዜ አስመልሶኛል። ሰውዬው ፋብሪካ የለው፣ ያለው አንድ ጠባብ መጋዘን ነው። የሚተኛውም እዚያው ነው። የጎማውን ጥርስ በወጥ ቤት ቢላዋ ይልጠዋል። የተሰነጠቀውን ጎማ በጫማ ቀለም ይሸፍነዋል። ይህንን ግን ማንም እንዲሞክረው አልፈልግም፣ ልጁንም እዚያው አስጠንቅቄዋለሁ። ግድግዳው ላይ አንድ መደርደሪያ አለ፤ በየጊዜው የተቃጠሉና የተሰበሩ ፒስተኖችና ዕቃዎች ተሰልፈውበታል። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ የተቃጠለ ፒስተን ስጥል ነው የኖርኩት። ይህን መደርደሪያ ካየሁ ወዲህ መጣል አቁሜያለሁ።

እናቴ ያሳሰባት ሌላ ነው። "ይኼ ሽማግሌ የሚሸኘው ዘመድ የለውም?" እያለች ቆየች። ሊሄድ ሲነሳ ከእሱ ጋር ሲፎካከሩ የነበሩት ጎረምሳ ሞተረኞች መጥተው ገንዘብ ሰጡት፣ አጅበውም ሸኙት። "ተመስገን" አለችና ሲኒዋን አነሳች። ከቤተሰብ ጋር የምታዩ ከሆነ በዚህ ጀምሩ።

ቀጥሎ ተከታታይ የምትወዱ ከሆነ "ሎንግ ዌይ ራውንድ" አለ። በ2004 ተዋናዩ ዩዋን ማግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከለንደን ተነስተው በምሥራቅ በኩል ኒውዮርክ ገቡ። 115 ቀን ፈጀባቸው፣ ወደ 30,000 ኪሎ ሜትር ነው። የያዙት ትልልቅ ቢኤምደብሊው ነው። ሞንጎሊያ ላይ የካሜራማናቸው ሞተር ሻሲው ተሰበረ። ተበየደ፣ ግን ሌላ ችግር ወጣበት። በመጨረሻ ለእሱ ኢዥ የሚባል አንድ ቀይ የሩሲያ ሞተር ገዙለት። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው። ሲበላሽ ማንም መፍቻ የያዘ ሰው ይገባበታል። ይህንን ክፍል በጥሞና እዩት። አንድ ሰው መጥቶ "ለገጠር ሥራ የትኛውን ሞተር ልግዛ?" ሲለኝ ከዋጋው አስቀድሜ የምነግረው ይህንን ነው፦ በምትሄድበት አገር ማን ሊፈታው ይችላል? ዕቃው የት ይገኛል?

የእነዚሁ ሰዎች ሌላ ጉዞ "ሎንግ ዌይ አፕ" ይባላል፣ 2020 ላይ የወጣ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስተው እስከ ሎስ አንጀለስ በኤሌክትሪክ ሃርሊ ሄዱ። ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ሲያልቅባቸው፣ ቻርጅ የሚያደርጉበት ሲያጡ ታያላችሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች ብዙ ትማሩበታላችሁ።

አሁን ስለ ድምፅ። የሞተር ፊልም ግማሹ ድምፅ ነው። የቲቪ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ቆርጦ ነው የሚያሰማው። ትንሽ ስፒከር ካላችሁ በገመድ አያይዙት፣ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እኛ ቤት ዋናው ጠላት ቆርቆሮው ነው። የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ንግግር የሚባል አይሰማም። ስለዚህ ሰማዩን አይቼ ነው ፊልም የምመርጠው። ከጠቆረ ሰብታይትል ያለውን አወጣለሁ።

ለዚህ "ዘ ሞተርሳይክል ዳያሪስ" ጥሩ ነው። የ2004 ፊልም ነው፣ ንግግሩ ስፓኒሽ ስለሆነ ዝናብ ኖረ አልኖረ ማንበባችሁ አይቀርም። ቼ ጉቬራ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ በ1952 ከጓደኛው ከአልቤርቶ ግራናዶ ጋር በአሮጌ ኖርተን ደቡብ አሜሪካን ሊዞር የወጣበት ታሪክ ነው። ሞተሯን "ኃያሏ" ብለው ነው የሚጠሯት። ስትወድቅ፣ ስትጠገን፣ ስትወድቅ ቆይታ ቺሊ ላይ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ያለው በእግርና በሰው መኪና ነው። ሞተር ብቻ ፈልጎ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው አጋማሽ ይረዝምበታል። እኔ ግን ሞተሯ ከቀረች በኋላ ነው ሰዎቹን በደንብ ያየኋቸው።

ጆሮ ማሠልጠን የፈለገ "ዘ ግሬት እስኬፕ" ይይ። 1963 ነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ሞተሩ የሚመጣው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ታገሡ። ስቲቭ ማክዊን ከጀርመን ወታደር ሞተር ነጥቆ ያመልጣል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። የጀርመን ቢኤምደብሊው ድምፅ አይደለም። ቀለም ተቀብቶ የጀርመን የመሰለ የእንግሊዝ ትራያምፍ ነው። አጥሩን የሚዘለው ታዋቂው ዝላይም የማክዊን ሳይሆን የጓደኛው የበድ ኢኪንስ ነው። ማክዊንን በራሱ ስም፣ አቧራ ለብሶ ሲነዳ ማየት ከፈለጋችሁ የ1971ን "ኦን ኤኒ ሰንደይ" ፈልጉ። ዘጋቢ ፊልም ነው። እዚያ ውስጥ ክንዱን ከሁሉ በላይ የሚያስለፋው መርት ላውዊል የሚባል ሻምፒዮን ነው። የያዘውን አንደኛነት ለማስጠበቅ ዓመቱን ሙሉ ሲታገል ሞተሩ እየተበላሸ ያስቀረዋል። ማታ ማታ ሲፈታ ሲገጥም ስታዩት ደንበኛችሁ ሆኖ "ነገ ጠዋት አምጣው" ማለት ያምራችኋል።

እናቴ የመረጠችው ደግሞ "ሮማን ሆሊዴይ" ነው። 1953፣ ጥቁርና ነጭ። በእኔ መለኪያ አያልፍም፤ ቬስፓዋ አትበላሽም። ግን ልዕልቲቱ መሪውን ይዛ የሮምን ገበያ ስታተራምስ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ቤት ይህንን አትለፉት።

የእሽቅድምድም ፊልሞች ላይ ጠንቀቅ በሉ። "ሂቲንግ ዘ ኤፔክስ" (2015) ሞቶ ጂፒ ስለሚባለው የዓለም የሞተር እሽቅድምድም ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሮሲ፣ ማርኬዝ፣ ስቶነር አሉበት። በ2011 ማሌዥያ ላይ የሞተው የሲሞንቼሊ ታሪክም አለበት። "ቲቲ፦ ክሎዘር ቱ ዘ ኤጅ" (2011) ደግሞ በአይል ኦፍ ማን ደሴት በተራ የመኪና መንገድ ላይ የሚደረገውን ውድድር ያሳያል። አንድ ዙር 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ዳር የድንጋይ አጥርና የሰው ቤት ነው። ባሏን በዚያው ውድድር ያጣች ሴት ተረጋግታ ስትናገር ትሰማላችሁ። ሁለቱም ድንቅ ሥራዎች ናቸው። ግን በሞተር አደጋ ሰው የጎደለበት ቤት ውስጥ አታጫውቷቸው። እኔ እናቴ ከተኛች በኋላ ነው ያየኋቸው። የወንድሟ ልጅ በሞተር ነው ያረፈው።

"ሰንስ ኦፍ አናርኪ"ን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስለ ሞተረኛ ወንበዴዎች የተሠራ ተከታታይ ነው፣ ሰባት ሲዝን አለው። ጭካኔው ብዙ ነው፣ ልጆች ባሉበት አይሆንም። "ኢዚ ራይደር"ም በዕፁ ምክንያት እንደዚያው።

ፊልሙን በፍላሽ ለምታስገቡ ሁለት ነገር ላሳስብ። ትልቅ ፊልም አልገለበጥ ካላችሁ ፍላሹ ፋት 32 ሆኖ ይሆናል። ያ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቲቪያችሁ የሚያነበው ከሆነ ወደ ኤክስ ፋት ቀይሩት፤ ግን ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድማችሁ ገልብጡ። ሰብታይትሉ አልመጣ ካለ ደግሞ የፋይሉን ስም ከፊልሙ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ አድርጉትና እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። መብራት ለሚጠፋበት ማታ ላፕቶፑን ቀን ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። እንዲህ ያለ ቀን ረጅም ፊልም አትጀምሩ፣ ተከታታይ ይሻላል።

ባለፈው ሳምንት ጋራዥ ስገባ ልጁ ከበሩ ጀርባ አንድ ጣውላ ቸንክሯል። የአንድ ያማሃ ፒስተን በቤንዚን አጥቦ አስቀምጦበታል። ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተፍቆ ሸንተረር ሠርቷል። ሥሩ ወረቀት ለጥፎ "ዘይቱ አልቆ የተነዳ" ብሎ ጽፏል። ለደንበኛ ዘይት ቀይር እያልኩ ከምለፈልፈው ይሄ ወረቀት ይበልጥ ይሰማል። ትናንት አንድ ሰው አይቶት ሳይነግሩት ዘይት ገዝቶ ሄደ።

ለቅዳሜ ያዘጋጀሁት "ሎንግ ዌይ ዳውን"ን ነው፣ የ2007ቱን። እነ ማግሬገር ከስኮትላንድ ጫፍ ተነስተው እስከ ኬፕታውን ነው የሚነዱት። ሱዳንን ጨርሰው ወደ ኢትዮጵያ ይገባሉ። እናቴ ቀድማ ነግራናለች፦ እንቅልፍ ከወሰዳት፣ አገራችን ሲገቡ እንድንቀሰቅሳት።