በእንጨት ጋዝ መብራት ማመንጨት ያዋጣል ወይ? ብየዳ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሂሳቡን ስሩ

መብራት በጠፋ ቁጥር በእንጨት የሚነሳ ጀነሬተር እንስራ የሚለኝ ሰው በዝቷል፣ እኔ ጎንደር አዘዞ ግቢዬ ውስጥ ሞክሬ ስላየሁት እስኪ መጀመሪያ እስክሪብቶ አንሱ።

እንጨት በተዘጋ ምድጃ ውስጥ አየር ተቆጥቦበት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፣ እሱን አቀዝቅዛችሁ አጣርታችሁ ለቤንዚን ሞተር ትሰጡታላችሁ። የናፍጣ ሞተር ከሆነ በጋዙ ብቻ አይሰራም፣ ትንሽ ናፍጣም ይፈልጋል።

ሚዛን ተዋሱ። ለ1 ኪሎዋት ሰዓት በደንብ የተሰራው ምድጃ 1.5 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ይበላል፣ እኛ ከበርሜል ቀጥቅጠን ለምንሰራው ግን 2 ኪሎ ያዙለት። አምፖል፣ ቲቪ፣ ፍሪጅ፣ ቻርጅ ምናምን ብላችሁ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት ከፈለጋችሁ በየቀኑ 6 ኪሎ ነው። ኪሎውን በ10 ብር ገዛችሁ እንበል፣ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 20 ብር ወጣ፣ እስኪ የቆጣሪ ቢላችሁን አውጡና አስተያዩት! ከመብራት ኃይል ጋር ለመፎካከር ከሆነ ተዉት። የሚያዋጣው ከቤንዚን ጋር ሲተያይ ነው፣ ትንሽ ጀነሬተር ለዚያችው 1 ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፣ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከሆነ የምትገዙት ደግሞ አልነግራችሁም።

ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ከጉልበቱ 20 በመቶ አካባቢ እዚያው ይቀራል፣ ጋዙ ደግሞ ከተረፈው ሲሶውን አንዳንዴም ግማሹን ይወስዳል። 2 ኪሎዋት የተባለው 1 ከሰጣችሁ እልል በሉ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድማ 3 ስለሚጎትት አይታሰብም።

እንጨቱን ከጣውላ ቤት ቁርጥራጭ በነጻ ወይ በርካሽ ካላገኛችሁ አትጀምሩ (ሰጋቱራ አይሆንም፣ አየሩን ያፍነዋል)። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው፣ ከ20 በመቶ በታች እስኪደርቅ ጠብቁ፣ አንዷን ፍልጥ ምልክት አድርጋችሁ በየሳምንቱ መዝኗት፣ መቅለሏን ስታቆም ደርሳለች። እኔ ቸኩዬ እርጥብ ከትቼ ማታ ጥሩ ሰራ፣ ጠዋት ገመዱን ብስበው ንቅንቅ የለም። ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ቫልቩን አጣብቆት ኖሯል፣ ለመካኒክ የከፈልኩት ሁለት ወር የቆጠብኩትን ቤንዚን በላው። በከሰል ካላችሁ ንጹህ ነው፣ ግን 1 ኪሎ ከሰል ለማክሰል 5 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይሄዳል።

ቤት ውስጥ፣ ኮርኒስ ስር፣ መስኮት አጠገብ እንዳታስነሱት። ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፣ አይሸትም።

ጉልበታችሁንም ቁጠሩ፣ መፍለጥ፣ ማቀጣጠል፣ ማጣሪያ ማጠብ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ስራ ነው። እኔ በበጋ መብራት ሲጠፋ ብቻ አስነሳዋለሁ፣ ሰኔ ከገባ እንጨቱም አይደርቅልኝ፣ ሸራ አልብሼ ትቼዋለሁ።