የግቢ ሣር ቦታ ቦታ ላይ ቢጫ ሲሆን እንዴት ይስተካከላል?

የግቢያችን ሣር እዚህም እዚያም ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን ወዲያው የውሃ ጎማ እናነሳለን። አልመለስ ካለ ዩሪያ እንበትናለን። እኔም አንዷን ቢጫ ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ከረምኩ። አንድ ቅዳሜ በዶማ ብቆፍራት ግማሽ ስንዝር ሳልወርድ የስሚንቶ ቁራጭና የብሎኬት ስባሪ አገኘሁ። ቤቱ ሲሠራ የተረፈ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ አፈር ተደልድሎበታል። ሥር የሚሰድበት አፈር ከሌለ ውሃ ምን ያደርግለታል? ስለዚህ መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን እዩ።

ቢጫውን ሣር ጨብጣችሁ ወደ ላይ ሳቡት። እንደ ምንጣፍ ተገሽልጦ ከተነሳ ሥሩ ተበልቷል ማለት ነው። አፈሩን ጫር ጫር ስታደርጉ ነጭ ገላና ቡናማ ራስ ያለው፣ የተጠቀለለ ትል ታገኛላችሁ። የጥንዚዛ ልጅ ነው። ቦታው ትንሽ ከሆነ በእጅ መልቀም ይበቃል። ዶሮ ካላችሁም ልቀቁበት።

ሣሩ አልነቀል ካለ አፈሩን አርጥቡና ካቻቢቴ ውጉበት። አልገባ ካለ ወይ ፍርስራሽ አለ፣ ወይ በእግርና በመኪና ጎማ ተጠቅጥቋል። ፍርስራሹን አውጡ። የተጠቀጠቀውን ደግሞ በየ10 ሳንቲሜትሩ በሹል ብረት ብሱት።

መሐሉ የተቃጠለ፣ ዳር ዳሩ ግን ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ክብ ካያችሁ የውሻ ሽንት ነው። ሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ያቃጥላል፣ ሲያንስ ያለመልማል። አንድ ቦታ ላይ የተከመረ ዩሪያም እንዲሁ ነው። ለሁለቱም ቦታውን በብዙ ውሃ ማጠብ ይረዳል። ናፍታ ወይም ዘይት ከፈሰሰ ግን ውሃ አያወጣውም፤ አፈሩን ቆርጣችሁ ቀይሩት።

አሁን ወደ ተከላው። የሞተውን ሣር ነቅላችሁ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቆፍሩ። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ እሱን ተዉት። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ሰርዶ ከሆነ ዘር መግዛት አያስፈልጋችሁም። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አህያ ይባላል፤ ሰርዶ ግን አንጓው እርጥብ አፈር ካገኘ ይበቅላል። ጤነኛ ከሆነው በኩል ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ሐረግ ከነሥሩ ውሰዱ። በ10 ሳንቲሜትር ርቀት ቅበሩት፣ ጫፉን ውጭ አስቀሩ፣ በእግራችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ቀለል አድርጋችሁ አጠጡ። ከዚያ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ግን ውሃው ጠልቆ እስኪገባ። ለአዲስ አበባ ምርጡ ጊዜ ዝናቡ የሚጀምርበት ሰኔ ነው።

ትልቅ ዛፍ ሥር ግን ሰርዶ አትድከሙበት። ፀሐይ ይፈልጋል። ወይ ቅርንጫፉን መልምሉ፣ ወይ ጥላ የሚወድ ተክል ትከሉበት።

ዩሪያ የምትጨምሩት ሣሩ ሥር ከያዘ በኋላ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ማለትም ከሁለት እስከ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በቂ ነው። ቅጠሉ ደረቅ ሳለ በትኑና ወዲያው አጠጡ። ስታጭዱም ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አትቁረጡ። ማጨጃው ስለታም ይሁን፤ የደነዘ ጫፉን ይተለትልና ሣሩን መልሶ ያገረጣዋል።

የእኔዋን ቦታ ሰኔ ላይ ተክዬ ዙሪያዋን በገመድ ከለልኩ፣ ልጆቹ እንዳይረግጧት። መስከረም ላይ ገመዱን ሳነሳ የቱ ጋ እንደነበረች መለየት አቃተኝ።