ደብረ ብርሃን ላይ አልሸጥ ያለው ሰልባጅ እንዴት ገንዘብ ሆነ

ከቦንዳ የሚወጣውን ስስ ሸሚዝ፣ ቲሸርትና ቁምጣ ደብረ ብርሃን ላይ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በኅዳር ውርጭ ሰው የሚጠይቀው ሹራብና ጃኬት ነው። ለልዋጭ ቢሰጥ ያ ሁሉ ልብስ በአንድ ሳፋ ይሄዳል፤ ይሄ ያንገበግባል።

መፍትሔው ቁልቁል ተገኘ። ጣርማበርንና ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ስሱን ሁሉ አጥቤና ተኩሼ እዚያ ለሚነግድ ዘመዴ በጆንያ መላክ ጀመርኩ። መተኮሱን አትናቁት፤ ኮሌታው ቀጥ ያለ ሸሚዝ ብዙ ክርክር የለበትም።

የተቀደደውስ? ዚፑንና ቁልፉን ፈትቼ ለልብስ ሰፊ እሸጣለሁ። ክርኑ ያለቀ ሹራብ ደግሞ ይተረተራል። መጀመሪያ ግን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ፦ ጠርዙ ሳይቆረጥ የተያያዘ ከሆነ ክሩ ሳይበጠስ ይመጣል፤ ተቆርጦ በኦቨርሎክ (ጠርዝ በሚቋጭ ማሽን) የተሰፋ ከሆነ ቁርጥራጭ ብቻ ስለሚወጣው አትድከሙበት። የተረተርኩትን ክር በቱባ አስሬ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ሰቅዬ አደርቀዋለሁ፤ መጨማደዱ ሲለቅ በእጅ ሹራብ የሚሠሩ እናቶች ይገዙኛል።

የጥጥ ቲሸርት ቅዳጅ ለጋራዥ መወልወያ ይሄዳል። ናይለኑን አይወስዱትም፣ ዘይት በደንብ አይመጥም።