ዲሊት ያደረጋችሁት ፋይል አልሄደም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በመመረቂያ ሰሞን ፍላሽ ጨብጦ፣ ክው ብሎ የሚገባ ተማሪ አይጠፋም። "ጋሼ፣ ጽሑፌን ዲሊት አደረግኩት!" እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው "ከዚያ በኋላ ምን ጫንክበት?" ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ዲሊት ስናደርግ ኮምፒውተሩ ይዘቱን ወዲያው አያጠፋውም። ተከራይ ከመዝገብ ተሰርዞ ዕቃው ቤት ውስጥ እንደቀረ አስቡት። አዲስ ተከራይ እስኪገባ ዕቃው አለ። ፊልም ከጫናችሁበት ግን አዲስ ተከራይ አስገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ነቅላችሁ አስቀምጡ። እንደ ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ ያለ ነፃ ፕሮግራም ሌላ ዲስክ ላይ ጭናችሁ ፈልጉ። የተገኘውንም እዚያው ፍላሽ ላይ አትመልሱት፤ ገና ያልወጣውን ይደፈጥጠዋል።

ዊንዶውስ ላይ ከፍላሽ የተደለተን ነገር ሪሳይክል ቢን ውስጥ አትፈልጉ። እዚያ አይገባም።

"ፍላሼ ባዶ ሆነ" ብሎ ቶሎ ፎርማት ማድረግም ያሳዝነኛል። ፍላሻችን ከአንዱ ፕሪንት ቤት ወደ ሌላው ስለሚዞር ሾርትከት ቫይረስ ቶሎ ይይዘዋል። ይሄ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ።

ሁሉም ይመለሳል ማለትም ልክ አይደለም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው፣ በቺፕ የሚሠራ ዲስክ) ያላቸው ላፕቶፖች ትሪም በሚባል አሠራር የተለቀቀውን ቦታ ራሳቸው ያጸዱታል። እዚያ ላይ ተስፋው ጠባብ ነው፤ ኮፒ አስቀምጡ።

የመጨረሻው የሻጮች ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ፣ ፎርማት የተደረገው ሀርድ ዲስክ ውስጥ የማላውቀው ቤተሰብ የሠርግ ፎቶና የመታወቂያ ኮፒ አገኘሁ። ኩዊክ ፎርማት፣ ማለትም ፈጣኑ፣ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያድሰው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ያለው የዊንዶውስ ሙሉ ፎርማት ግን በይዘቱ ላይ ዜሮ ይጽፍበታል። ዲስኩን ፈትቼ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት፤ መብራት ቢጠፋ ብዬ ባትሪውን ሞላሁ፤ "ኩዊክ" የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አነሳሁና አስጀመርኩት። ሰዓታት ፈጀ። የሰው ገመና ነውና አልቆ እስካይ ድረስ ሱቄን አልዘጋሁም።