የኦርኬስትራን ድርሰት ለፒያኖ ሲያቀናብሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሮበርት ሹማን እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቤርሊዮዝ «ፋንታስቲክ ሲምፎኒ» ረጅም ሂስ የጻፈው የኦርኬስትራውን ስኮር (የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ በአንድ ላይ የተጻፈበትን) ሳይሆን ፍራንዝ ሊስት ለፒያኖ ያቀናበረውን ኖታ ይዞ ነበር። የአንድ ትልቅ ሲምፎኒ አወቃቀር በአሥር ጣቶች ብቻ ለአስተዋይ አንባቢ ሊገለጥ መቻሉ፣ ጥሩ ቅንብር ምን ያህል እንደሚያደርስ ያሳያል። ብዙዎቹ ቅንብሮች ከዚህ የሚጎድሉት አቀናባሪው ጆሮ የሚከተለውን ትቶ ዓይን የሚያየውን ስለሚገለብጥ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት በስኮሩ ላይ ያለውን መስመር በሙሉ ወደ ሁለቱ እጆች ለማስገባት መሞከር ነው። በቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መክፈቻ ላይ ቫዮሊኖቹ፣ ቪዮላው፣ ቼሎው፣ ኮንትራባሱና ክላርኔቶቹ ሁሉም ይጫወታሉ፤ የሚሰማው ግን በኦክታቭ (በስምንት ድምፅ ርቀት) የተደራረበ አንድ ዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድም ኖታ ከመጻፍ በፊት ማን የማንን ዜማ እንደሚደግም ለይቶ፣ ዋናውን ዜማ፣ ባሱንና ሃርመኒውን (የድምፆቹን ስምምነት) የሚለውጠውን የመሐል ድምፅ መያዝ፣ የቀረውን ደግሞ ያለ ጸጸት መተው ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት የተጻፈውን ኖታ እንደሚሰማ ኖታ መቁጠር ነው። የቢ ፍላት ክላርኔት ከተጻፈለት አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ ኤፍ ተብሎ የተጻፈው ኢ ፍላት ይሆናል፤ የኤፍ ሆርንም በአምስተኛ (በአምስት ድምፅ) ርቀት ይወርዳል። ኮንትራባስ ደግሞ ከተጻፈለት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ይላል። ይህን የዘነጋ ሰው ቼሎና ኮንትራባስ በአንድ መስመር ላይ ተጽፈው ሲያይ አንድ ድምፅ ብቻ ይጽፋል፤ የኦርኬስትራው መሠረት የሆነው የኦክታቭ ባስም ከፒያኖው ይጠፋል።

በዚያው በታችኛው ክልል ውስጥ ተቀራራቢ ኖታዎችን ማጨቅም አይመከርም። ትሮምቦኖች ዝቅ ብለው በጥራት የሚያሰሙት ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) በፒያኖ ባስ ላይ ይደፈርሳል። ባሱን በኦክታቭ ወይም በአምስተኛ ከፍቶ፣ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ ወደ ላይ ማውጣት ይሻላል።

እጅግ አስቸጋሪው ጉዳይ የሚረዝም ድምፅ ነው። ኦቦ ወይም ቫዮሊን አንድን ኖታ ይዞ እያሳደገ ሊሄድ ይችላል፤ የፒያኖ ድምፅ ግን ቁልፉ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ መመንመን ይጀምራል። በመሆኑም በሙሉ ኖታ የተጻፈውን ረጅም ድምፅ እንዳለ መገልበጥ በልምምድ የማይሞላ ባዶ ቦታ ይፈጥራል። መፍትሔው እንደየቦታው ይለያያል፤ አንዳንዴ ኖታውን በልዝብ መድገም፣ አንዳንዴ በሥሩ ያለውን ኮርድ በታትኖ ማንቀሳቀስ፣ ሌላ ጊዜም ትሬሞሎ (የሚንቀጠቀጥ ፈጣን ድግግሞሽ) መጠቀም ያስፈልጋል። ትሬሞሎውም ቢሆን ከአውታር መሣሪያ በቀጥታ አይወሰድም፤ ቫዮሊን በቀስቱ አንዱን ኖታ በፍጥነት ሲደጋግም፣ በፒያኖ ላይ በሁለት ኖታዎች መካከል ማመላለስ ይቀላል። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ መጀመሪያ፣ ሁለተኞቹ ቫዮሊኖችና ቼሎዎቹ ባዶውን አምስተኛ በጣም ለስልሰው የሚያንቀጠቅጡበት ክፍል፣ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው፤ ጠንከር ብሎ ከተመታ ምሥጢሩ ሁሉ ይጠፋል። ፔዳልን ይዞ ሁሉንም ለማስቀጠል መሞከርም ሃርመኒው በተለወጠ ቁጥር ድምፁን ስለሚያዛባ መድኃኒት አይሆንም።

የድምፅ መጠን ምልክቶችን እንዳሉ መገልበጥ ሌላው ስሕተት ነው። ለፍሉትና ለትሮምቦን እኩል «ፎርቲሲሞ» (እጅግ ጮክ ተብሎ) ቢጻፍ ሁለቱ በጆሮ እኩል አይደሉም፤ ፒያኖ ተጫዋቹ የትኛው ጣት ጎልቶ መውጣት እንዳለበት ካልተነገረው ሚዛኑን አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1865 ሙሉ በሙሉ በታተመው የቤትሆቨን ዘጠኝ ሲምፎኒዎች ቅንብር ውስጥ ሊስት የመሣሪያዎቹን ስም በኖታው ላይ መጻፉ ለዚህ ይረዳል፤ እኔም ለጀማሪ አቀናባሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንን ነው።

ለታማኝነት ሲባል የማይቻለውን በሁለት እጅ ማስገደድም ተገቢ አይደለም። ሊስት ራሱ የዘጠነኛውን የመዝሙር ክፍል ለሁለት እጅ ማቀናበር አይቻልም ብሎ ነበር፤ የጻፈው በአሳታሚው ግፊት ነው። ብራምስ የገዛ ሲምፎኒዎቹን ለአራት እጅ አቀናብሯል፤ ይህ መንገድ ሳይሞከር ሙዚቃውን ቆራርጦ ሁለት እጅ ውስጥ መክተት ያሳዝናል። በተቃራኒው ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1921 ከ«ፔትሩሽካ» ሦስት ክፍሎችን ለፒያኖ ሲያዘጋጅ ኦርኬስትራውን ለመምሰል ሳይሆን እውነተኛ የፒያኖ ሥራ ለመፍጠር ነበር። የትኛውን ዓላማ እንደያዙ ሳይወስኑ መጀመር ከሁለቱም ያልሆነ ሥራ ያስከትላል።

በመጨረሻ የሚረሳው የቅጂ መብት ነው። የቤትሆቨንና የብራምስ ሥራዎች ነፃ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ያረፈው የስትራቪንስኪ ሥራዎች ግን በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2041 መጨረሻ ይጠበቃሉ፤ ስለዚህ ቅንብሩን ከማሳተም በፊት ከመብቱ ባለቤት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።