ለአየር ትርኢት ፎቶ ልምምዱ አሞራ ገደል ይጀመራል

ተዋጊ ጄት ከተመልካች ፊት ለፊት የሚቆየው ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ቅጽበት ካሜራ ለመማር የሚሞክር ሰው ይዞ የሚመለሰው ባዶ ሰማይና የጅራት ቁራጭ ነው። የሐዋሳ ሰው ግን ታድሏል፤ ቢሾፍቱ ላይ ለአየር ኃይሉ ትርኢት ለአንድ ቀን የሚያስፈልገውን እጅ ዓመቱን ሙሉ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ማፍታታት ይችላል።

ሒሳቡን እዩት። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ከእናንተ 450 ሜትር ርቆ ሲያልፍ፣ እሱን ለመከተል ካሜራውን በሰከንድ 28 ዲግሪ ገደማ ማዞር አለባችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚበር ፔሊካን 22 ሜትር ላይ ሲያልፍም የሚጠይቀው ያንኑ 28 ዲግሪ ነው። ትከሻችሁና ወገባችሁ ጄት ይሁን ወፍ አያውቁም።

ሐይቁ ዳር

ማለዳ ጀልባዎቹ ዓሳ ሲያወጡ አባ ኮዳውም ፔሊካኑም ይሰበሰባል። ጀማሪ በአባ ኮዳ ይጀምር፤ ትልቅ ነው፣ አይቸኩልም፣ ሲያርፍም ከሩቅ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ፔሊካን ይለፍ።

አቋቋሙ እንዲህ ነው። እግራችሁን ወፉ ወደሚደርስበት አቅጣጫ ትከሉ እንጂ ወደሚመጣበት አይደለም። ከወገብ በላይ ብቻ ወደሚመጣበት ተጠምዘዙ። ወፉ ሲያልፍ ሰውነታችሁ እየተፈታ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይም ምቹ ቦታ ላይ ትሆናላችሁ። እግሩን ወደ መነሻው የተከለ ሰው ግን ዋናው ቦታ ላይ ሲደርስ ወገቡ አልዞር ይለውና ካሜራው ይንገጫገጫል። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥር ይደግፍ። ወፉን ከሩቅ ያዙት፣ ፎከሱ እንዲይዝ ቁልፉን በግማሽ ተጫኑ፣ ተከተሉት፣ ፊት ለፊታችሁ ሊደርስ ሲል ከሦስት እስከ አምስት ፍሬም ተኩሱ። ከተኮሳችሁ በኋላም መከተላችሁን አታቁሙ። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው፤ ጣቱ ሲጫን ሰውነቱም አብሮ ይቆማል፣ ፎቶው ላይ የሚቀረውም የተንጋደደ ጅራት ነው።

ካሜራው ላይ ፎከሱን በተከታታይ በሚይዘው አድርጉት፤ ካኖን ኤአይ ሰርቮ ይለዋል፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ። ሌንሳችሁ ላይ የመንቀጥቀጥ መከላከያው ሞድ 1 እና ሞድ 2 የሚል ካለው ሞድ 2ን ምረጡ። አንደኛው ወደ ጎን ስታዞሩት እንቅስቃሴውን እንደ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ሊታገላችሁ ይችላል።

በሻተር (ካሜራው ብርሃን በሚያስገባበት ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ጀምሩ። በአንድ ማለዳ 200 ፍሬም አንሡና ቤት ገብታችሁ የወፉን ዓይን አጉልታችሁ እዩ። ከአሥር ስምንቱ ጥርት ካለ ወደ 1/250፣ ከዚያ ወደ 1/125 ውረዱ። 1/125 ላይ ከአሥር ሦስት ካገኛችሁ ለትርኢት ደርሳችኋል። ጥቁርና ነጭ የሆነችውን ዓሳ አጥማጅ ወፍ ደግሞ አትለፏት። ውሃው ላይ ባለችበት ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ሰውነቷ ጥርት፣ ክንፏ ድብዝዝ ብሎ እንዲወጣ ሞክሩ። ለሄሊኮፕተር የምትፈልጉት ይኸንኑ ነው።

(ቦርሳችሁን ክፍት አትተዉ። የአሞራ ገደል ጦጣ ሌንስ ባይበላም ክዳኑን ይዞ ዛፍ ላይ መውጣት አይከብደውም። ዓሣ አስጋሪዎቹን ፊት ለፊት ስታነሡም አስፈቅዱ።)

የሻተር ጉዳይ

ለጄት ነገሩ ቀላል ነው፤ ከ1/1000 እስከ 1/2000። የሚሽከረከር የሚታይ ነገር ስለሌለው ፈጥናችሁ ብታነሡት አትጎዱም። ችግሩ ፕሮፔለርና ሄሊኮፕተር ላይ ነው። በ1/2000 የተነሣ ሄሊኮፕተር ክንፉ ደርቆ ይቆምና በክር የተንጠለጠለ የልጅ መጫወቻ ይመስላል።

ምን ያህል ዝቅ ይበል? ሐዋሳ የሚመላለሰውን ባለ ፕሮፔለር የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ኪው 400ን ውሰዱ። ሲነሣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል፣ ስድስት ምላስ አለው፣ በምላሶቹ መካከል 60 ዲግሪ ነው። በ1/1000 ምላሱ 6 ዲግሪ ብቻ ይዞራል፤ የቆመ ይመስላል። በ1/250 ወደ 24 ዲግሪ ይደርሳል፤ መዞሩ በግልጽ ይታያል። በ1/100 ደግሞ 61 ዲግሪ፣ ማለትም አንዱ ምላስ የሚቀጥለው ቦታ ላይ ይደርሳል፣ ሙሉ ክብ ይወጣል። ለመጀመሪያ ትርኢት 1/250 ይበቃል፤ ሙሉ ክቡ ያምራል፣ ግን ከአሥር ዘጠኙን ያስጥላል።

ሄሊኮፕተር ከዚህም ይዘገያል። የሚ-17 ዋና ክንፍ በደቂቃ 192 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው። በ1/100 የሚዞረው 11 ዲግሪ ተኩል ነው፤ በ1/60 እንኳ 19 ዲግሪ። ስለዚህ ከ1/60 እስከ 1/125 ባለው ውስጥ ሥሩ። ሄሊኮፕተሩ ባለበት ሲቆም ወደ 1/60 ውረዱ፣ ሲያልፍ ወደ 1/125 ውጡ።

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ያላችሁ፣ ድምፅ አልባውን የኤሌክትሮኒክ ሻተር አጥፉና ሜካኒካሉን ተጠቀሙ። ኤሌክትሮኒኩ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፕሮፔለሩ እንደ ሙዝ ተጎንብሶ ይወጣል፤ ኮምፒውተር ላይም አይስተካከልም።

አሁን ብርሃኑ ይመጣል። ጥርት ባለ ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) 8፣ ሻተር 1/1600 ትክክለኛ መነሻ ነው፤ ለጄት ይኸው ነው፣ በማኑዋል አስተካክላችሁ ተዉት። ለሄሊኮፕተር ወደ 1/100 ስትወርዱ ግን አይኤስኦ 100 ላይ ሆናችሁም ካሜራው ኤፍ 16 ይጠይቃል። ኤፍ 16 ደግሞ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያለውን አቧራ ሁሉ ያሳያል፤ ሰማያዊው ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይበተናል፣ ጥራቱም ትንሽ ይወርዳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ኤንዲ 4 የሚባለውን ጥቁር ፊልተር ግጠሙ፣ በዚያው ሻተር ኤፍ 8 ላይ ትመለሳላችሁ። ቀጥሎ ጄት ሲመጣ ፊልተሩን ማውጣት ስለሚረሳ በክር ከሚጠመዘዘው ይልቅ በማግኔት የሚለጠፈው ይሻላል።

ከማኑዋል ውጭ በሻተር ምርጫ የምትሠሩ ከሆነ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን መጠን) ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ አድርጉ። ብሩህ ሰማይ ካሜራውን ያታልለዋል፣ አውሮፕላኑ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ከጀርባው ተራራ ወይም ዛፍ ሲመጣ ግን ወደ ዜሮ መልሱት።

ሌንስ ስንት ይበቃል?

ርቀቱን በሴንሰሩ ስፋት አባዙና ሌንሱ ላይ ለተጻፈው የሚሊ ሜትር ቁጥር አካፍሉ፤ ፍሬሙ ስንት ሜትር እንደሚይዝ ይነግራችኋል። 450 ሜትር (1,500 ጫማ) አሜሪካ ውስጥ ፈጣን ጄቶች ከተመልካች የሚጠብቁት ርቀት ስለሆነ ለስሌት ይመቻል። የክሮፕ ሴንሰር (ከፉል ፍሬም የሚያንሰው) ስፋት ወደ 22 ሚሊ ሜትር ነው። በ250 ሌንስ ፍሬሙ 40 ሜትር ይይዛል፣ በ400 ሌንስ 25 ሜትር። አየር ኃይሉ በ1991 ዓ.ም. ያስገባው ተዋጊ ጄት ሱ-27 ርዝመቱ 22 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ250 ግማሽ ፍሬም ይሞላል፣ በ400 ዳር እስከ ዳር ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ለጀማሪ 400 እንዲያውም ይከብዳል፤ አፍንጫ ወይም ጅራት ይቆረጣል። ርካሹ 55-250 በደንብ ከያዛችሁት ያኮራል። ፉል ፍሬም (ትልቁ ሴንሰር) ያለው ሰው ግን 400 ያስፈልገዋል።

ትራይፖድ ቤት ይቅር፤ ሰው ይጠልፋል፣ ወደ ላይም አያስቀናም።

የሙቀት ንዝረት

ብዙ ሰው «ሌንሴ ደካማ ነው» ብሎ ሌላ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። አስፋልት በፀሐይ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይሞቃል፤ ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር ብርሃኑን የሚያጥፉት በተለያየ መጠን ስለሆነ ከመሬት አጠገብ ያለው ሁሉ እንደ ውሃ ይወዛወዛል። ረዥም ሌንስ ይህን ያጎላዋል እንጂ አያስተካክለውም። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ 600 ሜትር ርቆ በመንደርደሪያው የሚሮጥ አውሮፕላን በየትኛውም ሌንስ ጥርት አይልም።

መለየት ቀላል ነው። ካሜራውን በስክሪኑ አጉልታችሁ ርቆ የቆመ ነገር ጠርዝ ላይ አነጣጥሩ። ጠርዙ የሚጨፍር ከሆነ መሬት ላይ ያለውን ተዉት፣ የሚበረውን ብቻ አንሡ። ንዝረቱ መሬት አጠገብ ስለሚበረታ ሽቅብ የተነሣ ፎቶ ይድናል። የመንደርደሪያውንና የቆሙትን አውሮፕላኖች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጨርሱ። በቆሙ መኪኖች ጣሪያ ላይ አሻግራችሁም አታንሡ፤ ቆርቆሮው ራሱ ምድጃ ነው።

ቢሾፍቱ

የአየር ኃይሉ በዓል የሚውልበት ቀን ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፣ ለሕዝብ ክፍት መሆኑም እንዲሁ፤ ማስታወቂያውን ከአየር ኃይሉና ከመከላከያ ገጾች ብቻ ተከታተሉ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙ፦ ቦታው የጦር ሰፈር ነው። ፎቶ የሚነሣው በትርኢቱ ቀን፣ በተፈቀደው ቦታ፣ ወደተፈቀደው አቅጣጫ ነው። በሌላ ቀን አጥር ዳር ቆሞ ረዥም ሌንስ መደቀን ያስይዛል። ድሮን አታስቡት። በር ላይ ስለ ሌንሱ ከተጠየቃችሁ መታወቂያችሁንና ሐይቁ ላይ ያነሣችሁትን ወፍ አሳዩ፣ የተባላችሁትን አድርጉ። ለሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያም ያው ነው፤ ኪው 400 ላይ ለመለማመድ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ።

ከሐዋሳ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዕለቱ ሌሊት ተነሥቶ መድረስ ድካም ነው። ዋዜማውን በባቱና በሞጆ በኩል ገብታችሁ እደሩ፤ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

ቦታ ስትመርጡ ስልካችሁ ላይ ኮምፓሱን ክፈቱ። ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትውለው። ጀርባችሁን ለደቡብ ሰጥታችሁ ወደ ሰሜን ካያችሁ አውሮፕላኑ በብርሃን ይታጠባል። የተሰጣችሁ ቦታ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ ጠዋት ወደ ምዕራብ ያለውን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ያለውን አንሡ፤ መሐሉ ላይ ጥላ ብቻ ነው የምታገኙት። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን መሬት የሚለቀው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ መንደርደሪያ ርቆ ነው። የመነሣቱን ቅጽበት የፈለገ ሰው ወደ መንደርደሪያው መጨረሻ ጠጋ ይበል። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ከክንፍ ላይ የሚነሣውን ነጭ ጉም ብዙ አትጠብቁ።

ሁለት ባለ 64 ጊጋ ካርድ ያዙ፤ የ24 ሜጋፒክስል ሮው (ያልተቀነባበረ) ፋይል 25 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ 2,000 ፎቶ 50 ጊጋ ይበላል። ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አታንሰራፉ፤ የካሜራው ጊዜያዊ ማከማቻ ሲሞላ ካሜራው ይንተፋተፍና ዋናዋ ቅጽበት ታልፋለች። ሜዳው ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ካሜራውን በፌስታል ሸፍናችሁ ሌንሱ አፍ ላይ በላስቲክ እሰሩት፤ በነጠላ ወይም በፎጣ መጥረግ ክር ይተዋል። ውሃ፣ ቆሎ፣ ኮፍያ፣ ለልጆች ደግሞ የጆሮ መድፈኛ።

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ዙሙን ይተወው። በቡድን የሚበሩትን በሰፊው፣ የቆሙትን በቅርብ ያንሣ፤ ሰማዩን በጣቱ ለረዥም ጊዜ ተጭኖ ብርሃኑን ይቆልፍ። ከታች የሕዝቡ ጭንቅላት፣ ከላይ እንደ ነጥብ የሚታዩ አራት ጄቶች ያሉበት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ400 ሌንሱ ይበልጣል።

ወደ ውጭ መውጣት ለሚችል፣ የዱባይ ትርኢት በፈረንጅ ጎዶሎ ዓመት በኅዳር ገደማ፣ የደቡብ አፍሪካው፣ በዋተርክሉፍ የአየር ኃይል ሰፈር የሚደረገው፣ በተጋማሽ ቁጥር ዓመት በመስከረም ይውላል። ዋተርክሉፍ የመጨረሻዎቹ ቀናት ናቸው ለሕዝብ ክፍት፤ የመጀመሪያዎቹ የነጋዴ ናቸው። እዚያ ፀሐይዋ በሰሜን ስለሆነች ከላይ ያልነው ሁሉ ይገለበጣል፤ ጀርባችሁ ለሰሜን።

ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ ፎቶውን በሁለት ቦታ ገልብጡ። ከዚያ አብራሪው ያለበትን መስታወትና የጅራቱን ቁጥር አጉልታችሁ እዩ፤ ቁጥሩ ካልተነበበ ያለ ርኅራኄ ሰርዙ። ከ2,000 አርባ ቢቀር ጥሩ ቀን ነበር። አድማሱን አስተካክሉ፣ የአቧራ ነጠብጣብ አጥፉ፤ ምስሉን ማጥራቱን (ሻርፕ ማድረጉን) ግን አታብዙ፣ በአውሮፕላኑ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ያወጣል። ከመለጠፋችሁ በፊት ከጀርባው ምን እንደገባ ተመልከቱ፦ የጥበቃ ፊት፣ መጋዘን፣ ወደ ውስጥ የሚያሳይ በር ካለ ቁረጡት ወይም ተዉት። ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት ሁለተኛው ኮፒ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው።