የድረ ገጾችን አዳዲስ ጽሑፎች በፊድ መከታተልና ማጋራት

ብዙ ድረ ገጾችን የሚከታተል ሰው አዲስ ነገር መውጣቱን ለማወቅ እያንዳንዱን በየዕለቱ እየከፈተ ማየት የለበትም፤ ይህን ሥራ ፊድ ይሠራለታል። ፊድ አንድ ድረ ገጽ በቅርቡ ያወጣቸውን ጽሑፎች ርእስ፣ አድራሻ፣ ቀንና አጭር መግለጫ፣ አንዳንዴም ሙሉ ይዘታቸውን በተወሰነ ሥርዓት የሚዘረዝር ፋይል ነው። አርኤስኤስ የሚባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ያስተዋወቀው የአሳሽ አምራቹ ኩባንያ ኔትስኬፕ ሲሆን፣ ዛሬም በስፋት የሚሠራበት 2.0 የተባለው ቅጂ የወጣው በ2002 ነው፤ አቶም የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ በ2005 ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። መተግበሪያዎቹ ሁለቱንም ስለሚያነቡ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ አንባቢውን ሊያሳስበው አይገባም።

መጀመሪያ ፊድ የሚያነብ መተግበሪያ ይምረጡ። ፊድሊና ኢኖሪደር በአሳሽም በስልክም ይሠራሉ፤ ኔትኒውስዋየር ለአፕል መሣሪያዎች የተዘጋጀ ነጻ መተግበሪያ ነው፤ በተንደርበርድ ኢሜይል የሚያነብ ሰው ደግሞ ፊዶቹንም እዚያው መጨመር ይችላል። ከዚያ የድረ ገጹን አድራሻ መጨመሪያው ሳጥን ውስጥ ያስገቡ፤ አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ፊዱን ራሳቸው ፈልገው ያገኙታል። ካላገኙት በገጹ ግርጌ ብርቱካናማውን የፊድ ምልክት ይፈልጉ። ድረ ገጹ ወርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ ማሳተሚያ ሥርዓት የተሠራ ከሆነ፣ በአድራሻው መጨረሻ ላይ ፊድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (/feed) መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህም ካልሠራ የገጹን ምንጭ ኮድ፣ ማለትም ገጹ የተጻፈበትን ኮድ፣ በአሳሽዎ ከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል አርኤስኤስ (rss) ወይም አቶም (atom) የሚል ቃል ያለበትን መስመር ይፈልጉ። የተገኘው አድራሻ በአሳሽ ሲከፈት በምልክቶች የተሞላ ጥሬ ኮድ ቢያሳይ ስሕተት መስሎ አይታይዎት፤ ፊድ መልኩ እንዲያ ነው።

መተግበሪያው አዲስ ነገር መኖሩን የሚያውቀው ፋይሉን በየተወሰነ ጊዜ እየተመለሰ በመጠየቅ ስለሆነ፣ ጽሑፉ በወጣበት ደቂቃ ላይደርስዎት ይችላል። በአንጻሩ ለድረ ገጹ ባለቤት የኢሜይል አድራሻዎን መስጠት አያስፈልግዎትም፤ መከታተል ሲያበቁም አድራሻውን ከመተግበሪያው መሰረዝ ብቻ ነው፣ ማንንም አያስፈቅዱም። የጽሑፎቹ ቅደም ተከተልም እርስዎ በመረጡት መንገድ፣ በአብዛኛው በጊዜ፣ ይሆናል።

በእኔ እምነት ፊድ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አልፎ አልፎ ብቻ የሚጽፉ ድረ ገጾችን ለመከታተል ነው፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጣ ጥሩ ጽሑፍ ያለ ፊድ በቀላሉ ያመልጣል። በቀን መቶ ዜና የሚያወጣ ድረ ገጽ ግን ሌሎቹን ይውጣቸዋልና፣ ጠቅላላውን ትቶ የአንድ ዘርፍ ፊድ ካለው እሱን መምረጥ ወይም በተለየ አቃፊ ማስቀመጥ ይሻላል። ያልተነበበው ሲከማች ሁሉንም እንደተነበበ ምልክት ማድረግ ምንም ነውር የለበትም።

የሚከታተሏቸውን ፊዶች ዝርዝር አልፎ አልፎ ኦፒኤምኤል (OPML) በሚባለው የፋይል ዓይነት ከመተግበሪያው አውጥተው ያስቀምጡ። በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ የነበረው የፊድ ማንበቢያ ጉግል ሪደር በሐምሌ 2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ተጠቃሚዎቹ ወደ ሌሎች መተግበሪያዎች የተሻገሩት ዝርዝራቸውን ይዘው ነበር። ይኸው ፋይል ለማጋራትም ያገለግላል፤ በአንድ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች የሚከታተሏቸውን ምንጮች በሙሉ ለአዲስ ባልደረባ በአንድ ፋይል መላክ ይችላሉ።

የራስዎ ድረ ገጽ ካለዎት፣ የሚጠቀሙበት የማሳተሚያ ሥርዓት ፊዱን ራሱ ሳያዘጋጅልዎት አይቀርም። ትኩረት የሚሻው እያንዳንዱ ጽሑፍ በፊዱ ውስጥ ያለው መለያ ነው። መተግበሪያዎች አዲሱን ከአሮጌው የሚለዩት በዚህ ስለሆነ፣ የፊደል ግድፈት ባረሙ ቁጥር መለያው ከተቀየረ ተከታታዮችዎ ያነበቡትን ጽሑፍ እንደ አዲስ ደጋግመው ያገኙታል። የፊዱ አድራሻም ያለ ምክንያት አይቀየር፤ መቀየሩ ግድ ከሆነ የቀድሞው አድራሻ ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ ያድርጉ፤ አለዚያ ተከታታዮችዎ ሳያውቁት ይቋረጣሉ። ከተቻለ ሙሉ ጽሑፉን በፊዱ ያውጡ፤ ሁለት መስመር ብቻ የሚያሳይ ፊድ አንባቢን ያሰለቻል። ፋይሉን በእጅ የሚጽፉ ከሆነ ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) በተባለው የፊደላት አጻጻፍ ሥርዓት አስቀምጠው የድር ደረጃዎችን በሚያወጣው ድርጅት በደብልዩ3ሲ (W3C) የፊድ መፈተሻ ይመርምሩት፤ በአግባቡ ያልተጻፈ አንድ ምልክት ፋይሉን በሙሉ እንዳይነበብ ሊያደርገው ይችላልና።

የሌላውን ፊድ በራስዎ ድረ ገጽ ላይ ሲያሳዩ ርእሱንና ማስፈንጠሪያውን ከምንጩ ስም ጋር ማውጣት በቂ ነው፤ ፊዱ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ሙሉ ጽሑፉን ያለ ፈቃድ መልሶ ለማተም መብት አይሰጥም። አንዳንድ ፊዶች፣ ለምሳሌ ለከፈሉ አድማጮች ብቻ የሚላኩ ፖድካስቶች፣ በአድራሻቸው ውስጥ የግል ቁልፍ ይይዛሉ። አድራሻው የደረሰው ሰው ሁሉ በእርስዎ ስም ሊከፍታቸው ስለሚችል፣ ኦፒኤምኤል ፋይልዎን ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት እነዚህን ከዝርዝሩ ያውጡ።